ሐውልቱን ከነአደባባዩ፦ ስለ ፈረስ መጋላ ፎቶግራፍ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሐረር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ሰኔ ላይ ለምናዘጋጀው ዐውደ ርእይ ተማሪዎቼ በፈረስ መጋላ አደባባይ የሚገኘውን የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልትና በዙሪያው ያሉትን የቆዩ ሕንፃዎች የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እንዲያቀርቡ አስቤአለሁ። ያሉን መሣሪያዎች የተማሪዎቹ ስልኮችና 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው አንድ አሮጌ ካኖን ካሜራ ናቸው። እስካሁን ያነሣናቸው ሥዕሎች አላረኩኝም። ሐውልቱ ወደ ኋላ የተንጋለለ ይመስላል፤ ሰማዩ ያለ አንዳች ቀለም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ባጃጁና የኤሌክትሪክ ሽቦው ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል። አንድ የፎቶ ቤት ባለሙያ ሽቦውንም ባጃጁንም በኮምፒውተር ማጥፋት እንደሚቻል ነግሮኛል። ምን ይመክሩናል?
(መምህር፣ ከሐረር)

መልስ፦ ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ተማሪዎችዎ ሐውልቱን ከአደባባዩ ነጥለው ለማንሣት ሲታገሉ ቆይተዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛል። ሐውልቱ በ1879 ዓ.ም. የመጨረሻው የሐረር አሚር፣ አሚር አብዱላሂ፣ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ጨለንቆ ላይ ባደረጉት ውጊያ የወደቁትን ያስባል። በዚያው አደባባይ ዳር የቆመው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከውጊያው በኋላ፣ ግብፆች ከተማዋን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘው በቆዩበት ዘመን ባሠሩት መስጊድ ቦታ ላይ የታነጸ ነው። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሐረር የመጡት የህንድ ነጋዴዎች ያስገነቧቸው፣ የእንጨት በረንዳቸው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ ባለ ፎቅ ቤቶችም የዚሁ ዘመን ልጆች ናቸው። የተሸነፉትን የሚያስብ ሐውልትና ያሸነፉት ያሳነጹት ቤተ ክርስቲያን በአንድ እይታ ውስጥ የሚገቡበት እንዲህ ያለ አደባባይ እኔ በአገራችን ብዙ አላውቅም።

ይህን የማነሣው እርስዎ የማያውቁት ታሪክ ሆኖ ሳይሆን፣ ፎቶግራፉን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የሚቆሙበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ከሐውልቱ ጀርባ አስገብቶ ያነሣ ተማሪና ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ ወደ ሐረር በር (ወደ አሮጌው ከተማ ግንብ ምዕራባዊ በር) የሚወስደውን መንገድ ያነሣ ተማሪ፣ አንድ ሐውልት አንሥተው ሁለት የተለያየ ነገር ይዘው ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ካሜራ ሳይነኩ ሐውልቱን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረው፣ ከየአቅጣጫው ከጀርባው ምን እንደሚታይ በደብተራቸው ላይ ቢጽፉ መልካም ነው። ይህ አሰልቺ ሊመስላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ሐውልቱን ደጋግመው ከማንሣት የበለጠ ትምህርት የሚያገኙት ከዚህ ዙረት ነው። በዐውደ ርእዩ ላይም ሁለቱን ተቃራኒ እይታዎች ጎን ለጎን፣ በእኩል መጠን ታትመው እንዲሰቀሉ እመክራለሁ። አንዱን ብቻ መስቀል፣ ባይታሰብበትም እንኳ፣ ወገን መያዝ ይሆናል፤ ተመልካቹም የሐረር ሰው እንደመሆኑ ይህን ለማስተዋል ጊዜ አይፈጅበትም።

ወደ ብርሃኑ ስንመጣ፣ ከሐረር በር ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያስገባው ሰፊ መንገድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ጠዋት የሚመጣ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣል፤ ሐውልቱም ዝርዝሩ የማይለይ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይወጣል። በዚያው መንገድ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢመለሱ ግን ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ሐውልቱንም ከኋላው ያለውንም ታበራለች። ጠዋት ለማንሣት ከተገደዱ ከምሥራቅ በኩል ቆመው ካሜራውን ወደ ሐረር በር አቅጣጫ ያዙሩ። ለጠዋቱ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ከመሆኑ ሌላ ገበያተኛውና ባጃጁ ገና አልበረከተም። ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃን በእኛ አገር ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። በዚያ ሰዓት ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ቦታውን መርጦ፣ ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ) ዘርግቶ ቀድሞ መጠበቅ ይኖርበታል።

ከወቅቱ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ለእናንተ ዐውደ ርእይ በቀጥታ ይጠቅማል። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ግን ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ በደቡብ በኩል ስለምትጓዝ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ሕንፃ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። በበጋው ወራት ያነሣችኋቸው አንዳንድ ቤቶች ጨለማ ለብሰው የወጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እነዚያኑ ቤቶች በግንቦት ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ብትመለሱባቸው ብርሃን ታገኙባቸዋላችሁ። ቀትሩ ግን በየትኛውም ወር ለዚህ ሥራ አይመችም፤ የበረንዳው ጣሪያ ጥላውን ቁልቁል ስለሚጥል የፎቁ መስኮትና በር ከነጌጡ ይጠፋል።

የሐውልቱ መንጋለል ከሌንሱ ጥራት ጋር አይገናኝም። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ባደረጉት ቁጥር ቀጥ ብለው የቆሙት መስመሮች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ የካሜራው ጀርባ ከመሬቱ ጋር ቀጥ ብሎ ሲቆም መስመሮቹም ቀጥ ይላሉ። መፍትሔው ቀና ከማለት ይልቅ ወደ ኋላ መራቅ ነው። ለመለካት እንዲረዳዎ፣ የአብዛኛው ስልክ ዋናው ካሜራ ቁም ተይዞ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያጋድል ሲያነሣ፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከስልኩ ከፍታ በላይ ወደ 7 ሜትር ያህል ይይዛል፤ በ15 ሜትር ላይ ደግሞ ከ10 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። የሐውልቱን ወይም የሕንፃውን ከፍታ ገምቶ ምን ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ ማስላት ለተማሪዎችዎ ጥሩ የሒሳብ ልምምድም ይሆናል። በዚህ መንገድ የተነሣ ሥዕል የታችኛው ግማሹ አስፋልት ብቻ ይሆናል፤ እሱን ኋላ ቆርጦ መጣል ነው። ቦታው ጠቦ መራቅ ካልተቻለ ስናፕሲድን የመሰለ የስልክ መተግበሪያ መስመሮቹን ያስተካክላል፤ ሆኖም ማስተካከሉ ከዳርና ከዳር ስለሚቆርጥ፣ ሲያነሡ በግራም በቀኝም ትርፍ ቦታ መተው አለበት። በስልኩ ላይ ያለውን በጣም ሰፊ ሌንስ ግን ለሕንፃ እንዳይጠቀሙበት ይንገሯቸው፤ ዳር ላይ ያለውን ግድግዳ ያንጋድደዋል። በካኖኑም ቢሆን 18 ላይ ከማንሣት ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል መሥራት ይሻላል፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 8፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100 አድርጉት።

ሰማዩ ነጭ የሚሆነው ካሜራው ለጨለማው ግድግዳ ብርሃን ሲጨምር ለሰማዩ ስለሚበዛበት ነው። በስልክ ላይ ደመናውን ወይም የሰማዩን ብሩህ ክፍል በጣት ነክቶ፣ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች መሳብ ይበቃል፤ የጨለመውን ግድግዳ ኋላ ማንሣት ይቻላል፤ የጠፋን ሰማይ ግን ማንም አይመልሰውም። ካኖኑ ፋይሉን ራው (RAW) በሚባለው፣ የተቀበለውን ብርሃን ሳይጨምቅ በሚይዝ ዓይነት እንዲያስቀምጥ ቢደረግ ይህ ማስተካከያ ይበልጥ ይቀላል። በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ደግሞ የተቃራኒው ችግር ይገጥማችኋል። በኖራ የነጣ ግድግዳ ሥዕሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ላይ ብርሃኑን በአንድ እርከን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ በተቀቡ ጠባብ መንገዶች ውስጥም ግድግዳው ቀለሙን በፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳና በሰው ፊት ላይ ይረጨዋል። የካሜራውን የቀለም ሚዛን በራሱ ከመተው የፀሐይ ብርሃን የሚለው ላይ አስሮ ማንሣት ይህን በታማኝነት ያሳያል።

አሁን ወደ ባጃጁና ወደ ሽቦው ልመለስ። የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ማጥፋት ይቻላል ማለታቸው እውነት ነው፤ እኔ ግን ለዚህ ዐውደ ርእይ አልመክረውም። ሥራው የታሪክ ትምህርት እስከሆነ ድረስ ተማሪው በዚያ ቀን ያልነበረን አደባባይ ማሳየት የለበትም። ከሽቦው ለማምለጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ይበቃል፤ ሽቦው ከጣሪያ ጠርዝ ወይም ከበረንዳ ቋሚ ኋላ ይገባና ይጠፋል። ባጃጁ ደግሞ ያልፋል፤ ካሜራውን በትራይፖድ ተክሎ መጠበቅ ነው። ትዕግሥት ያጠረው ሰው ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ አድርጎ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ቢያደርገው፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ እንደ ጭስ ደብዝዞ የቆመው ብቻ ይቀራል። ይህ እዚያ የነበረውን ነገር በረጅም ጊዜ መመዝገብ ስለሆነ በኮምፒውተር ከማጥፋት ለይቼ አየዋለሁ። አንዳንዱን ተሽከርካሪ ግን እኔ ብሆን ፈልጌ አስገባዋለሁ። ለረጅም ዓመታት የሐረር ታክሲ ሆነው ካገለገሉት ፔጆ 404 መኪኖች አንዱ በሐውልቱ አጠገብ ሲያልፍ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ባዶ ከሆነው አደባባይ ይልቅ ስለ ከተማዋ ብዙ ይናገራል።

ሐውልቱንና የሕንፃዎቹን ሙሉ ገጽታ ካነሣችሁ በኋላ ወደ ዝርዝሩ ቅረቡ። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው በረንዳው ላይ ያለው የእንጨት ሥራ፣ ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ የተላጠበት ቦታ ሁሉ በግልጽ ይወጣል፤ በደመናማ ቀን ይኸው እንጨት ለጥ ያለ ጣውላ ብቻ ይመስላል። ከአደባባዩ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደውን፣ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድም እንዳትዘሉት። ግራና ቀኝ የተሰለፉት ልብስ ሰፊዎች፣ የስፌት መኪናዎቻቸውና ከበላያቸው የተንጠለጠለው ጨርቅ የአደባባዩ ተቀጥላ ናቸው እንጂ ሌላ ርእስ አይደሉም። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚገባው ቀትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ከላይኛው ግድግዳ ተንጸባርቆ የሚወርደው ብርሃን ለፊትም ለእጅም ይስማማል። ሰፊዎቹን ግን በቅድሚያ ሰላም ብሎ፣ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ አስረድቶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ነው ማንሣት የሚገባው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ሥዕል ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታና ካሜራው ያየበትን አቅጣጫ የሚገልጽ ጽሑፍ ይኑረው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው አደባባይ የነበረው የራስ መኮንን ባለ ፈረስ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የሚታየው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለ ሐውልቱ ሰው የተለያየ አስተያየት ቢኖረውም፣ ከየት ሆኖ በየትኛው ዓመት እንደተነሣ የተጻፈበት ሥዕል ዛሬ ለተመራማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለታሪክ መምህር መንገር አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ሐረር ሄጄ የፈረስ መጋላውን ሐውልት ሳነሣ ከሥሩ አረፍ ብለው የነበሩ አንድ አዛውንት ሥዕሉ ውስጥ ገቡ። ፊታቸው እጅግ ያማረ ስለነበር ያንኑ አቅርቤ አነሣሁና በአንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ለሽያጭ ሰቀልኩት። አሁን የቤተሰብ አባል ነኝ የሚል ሰው እንዲወርድ ጠይቆኛል። አደባባይ የሕዝብ ቦታ ስለሆነ መብቴ አይደለምን?
(አንባቢ፣ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ እርስዎ የጠቀሱት ማንሣትን ነው፤ ችግሩ የመጣው ግን ከመስቀልና ከመሸጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ሕዝባዊ ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲፈለግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሁነት ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚሉት ይገኙበታል። አዛውንቱ ከሩቅ፣ ከሐውልቱና ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሆነው የሚታዩበት ሥዕል አንድ ነገር ነው፤ ፊታቸው ብቻ ተለይቶ ወጥቶ ዋጋ የተለጠፈበት ግን ከእነዚህ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ በቀላሉ የሚገባ አይመስለኝም። ባለ ምስሉ ማሳየቱና መሸጡ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ስላለው፣ ሥዕሉን አሁኑኑ አውርደው፣ በተገኘው አጋጣሚ ሐረር ሄደው አባትን በአካል ቢያነጋግሯቸው የተሻለ ነው። ሲሄዱ የታተመ ቅጂ ይዘውላቸው ይሂዱ። ከፈቀዱ በጽሑፍ ያስፈርሟቸው፤ ካልፈቀዱ ነገሩ በዚያው ይዘጋ።

ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ደግሞ የቦታው ወግ አለ። የሰማዕታት መታሰቢያ ሥር አረፍ ያለ ሰው ከሰማዕታቱ የአንዱ ቤተሰብ ትውልድ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ያማረ ፊት ያዩበት ለእሱ የሐዘን ቦታ ሊሆን ይችላል። በአርብ ሶላት ሰዓት በጃሚዕ መስጊድ አካባቢ፣ በቅዳሴና በክብረ በዓል ጊዜም በመድኃኔ ዓለም ደጅ ካሜራን ከማውጣት በፊት መጠየቅ ይገባል። ሴቶችንና ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ከራሳቸው ወይም ከወላጆቻቸው ግልጽ ፈቃድ ሳያገኙ አቅርቦ ማንሣት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ገንዘብ ከተጠየቁ ዋጋውን ከማንሣትዎ በፊት ይስማሙ፤ ካነሡ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለሚቀጥለው ፎቶግራፍ አንሺ መንገዱን ያበላሻል። በድሮን ስለማንሣት የጠየቃችሁኝም አላችሁ፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳትሞክሩት። ጀጎል ከሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከመሆኑም ሌላ፣ ከላይ ሲታይ የብዙ ሰው የግል ግቢ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ለሐረር የሚሰጡት ምክር ለእኛም ይሠራል? ዛፉ ሕንፃውን ሁሉ ሸፍኖብናል።
(አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የመስመሩና የሰማዩ ጉዳይ እንዳለ ይሠራል፤ ዛፉ ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ከተማችሁ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የከዚራ መንገዶችም ቀጥ ቀጥ ብለው የተቀየሱ በመሆናቸው ከጀጎል በተለየ ለመራቅ ቦታ አላችሁ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በቅጠሉ መካከል ሕንፃውን ለመፈለግ ከመታገል ይልቅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ገብታችሁ ግንዱን በአንድ ወገን፣ ቅርንጫፉን ከላይ አድርጋችሁ የሕንፃውን በርና መስኮት ብቻ አንሡ። ከጥላው ውጭ ያለው ግድግዳ እጅግ ስለሚያንጸባርቅ ብርሃኑን የምትለኩት በግድግዳው ላይ ይሁን። የቀድሞውን የባቡር ጣቢያ ለማንሣት ካሰባችሁ ደግሞ ከውጭ ሆናችሁም ቢሆን ዘበኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ወደ ግቢው ለመግባት የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ማመልከቻው ላይ የምታነሡትን ክፍል፣ ቀኑንና ሥዕሉ የሚውልበትን ዓላማ ለይታችሁ ጻፉ።